በሐሰት ስም የተጸለየልኝ ዘመን

ባለፈው ወር ብሎካችን ውስጥ አንድ ሰው ሞተ። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ጡረተኛ ነበር። ጠዋት ጠዋት ግራጫ ሹራቡን ደርቦ ሲወርድ ደረጃ ላይ እንገናኝና «እንደምን አደርክ» እንባባላለን፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚያች ቃል አላለፍንም። መሪ ሠፈር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህ እንደ ሥጋ ዝምድና ይቆጠራል። ቀብሩ ላይ እድርተኛው ተሰብስቦ ፍትሐቱ ሊጀመር ሲል ቄሱ ቀና ብለው «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» አሉ። የእድሩ ሊቀመንበር ጸሐፊውን አየው፤ ጸሐፊው ገንዘብ ያዡን አየው፤ ገንዘብ ያዡ ሰማዩን አየ። «እኛ ጋሽ ታምሩ ነው የምንላቸው» አለ አንዱ ከኋላ። «እሱ እናንተ የምትጠሩበት ነው። እኔ የምጠይቀው እግዚአብሔር ፊት የሚጠሩበትን ነው» አሉ ቄሱ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ደክሟቸዋል። ከአዳማ የመጣ የወንድሙ ልጅ ትከሻውን ሰበቀ። በመጨረሻ ቄሱ ራሳቸው አንድ ስም ሰጡትና ጸሎቱ ቀጠለ። ሰውየው ሰባ ምናምን ዓመት ከኖረበት ዓለም በተውሶ ስም ተሸኘ።

እኔ ከኋላ ጃንጥላዬን ተደግፌ ቆሜ የራሴን ማሰብ ጀመርኩ። ቀብር ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ስለ ሟች የሚያስብ ከመሰላችሁ ቀብር አታውቁም። በተወለድኩ በአርባ ቀኔ ክርስትና ስነሣ የተሰጠኝ ስም አለኝ። ያን ስም የሚያውቁት አራት ሰዎች ነበሩ፦ እናቴ፣ የክርስትና አባቴ፣ የነፍስ አባቴና ባለቤቴ አስካለ። አራቱም አፈር ለብሰዋል። ልጅ አልተሰጠንም። አገሩ የሚያውቀኝ ዘውዴ አጠና ብሎ ነው፤ ዘውዴን ያወጣልኝ አባቴ ነው፤ አጠና ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የሸጥኩት የባህር ዛፍ እንጨት ነው። ቄሱ በእኔ ተራ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቁ መልሱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገኘው፤ እሱም ሳጥኑ ውስጥ ይሆናል።

ከቀብሩ በኋላ ቤቴ መግባት አላሰኘኝም። ታክሲ ይዤ ወሰን ሠፈር ወረድኩ። የአጠና ግቢዬ በነበረበት ቦታ ዛሬ ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ቆሟል፤ ሥሩ ጋራዥ፣ ከጋራዡ በላይ ጥርስ ሐኪም፣ ከጥርስ ሐኪሙ በላይ የውበት ሳሎን። በር ላይ ያለው ዘበኛ «አባባ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለኝ። «ማንንም። ዱሮ እዚህ እሸጥ ነበር።» «ምን?» «አጠና።» «ኧረ አጠና አሁን ማን ይገዛል፤ ሁሉም ብረት ሆኗል!» አለኝ፤ አዲስ ወሬ የነገረኝ መስሎት። አመስግኜው ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ሻዩ የመጣው በብርጭቆ ሳይሆን በወረቀት ኩባያ ነው፤ ዋጋውን ስሰማ በልጅነቴ በዚያ ዋጋ በግ ይገዛ እንደነበር ለልጅቷ ልነግራት ፈለግሁና ተውኩት። ሽማግሌ ሁሉ ይህን ስለሚላት ሰልችቷታል።

ያኔ ወሰን የከተማው ጫፍ ነበር። ከግቢዬ አጥር ማዶ የገብስ ማሳ ነበር፤ ከማሳው ማዶ ጅብ ነበር፤ ከጅቡ ማዶ ምን እንዳለ ማንም አልጠየቀም። አጠናው ከእንጦጦ በአህያ፣ አንዳንዴም ፍሬኑ በጸሎት በሚይዝ አሮጌ የጣሊያን ካሚዮን ይወርድልኛል። ቀጭኑ ማገር በስሙኒ፣ መካከለኛው በሃምሳ ሳንቲም፣ ጎልማሳው ቋሚ ደግሞ በብር ከስሙኒ ይሸጣል፤ ደንበኛው ከተከራከረ በብር፤ ሚስቱን ይዞ ከመጣ ከዚያም በታች። ትኩስ የተላጠ ባህር ዛፍ ሽታው አፍንጫ ይከፍታል፤ ጉንፋን የያዘው ሁሉ ሊገዛ መስሎ እየመጣ ግቢዬ ውስጥ ይቆም ነበር። እኔ ካኪ ሱሪ፣ ቅጠልያ ሹራብና ውሃ የማያስገባ ግን ላብ የማያስወጣ የላስቲክ ጫማ ነበረኝ። ዘመናዮቹ እግሩ እንደ ጥሩምባ የሚሰፋ ሱሪ ለብሰው አቧራውን እየጠረጉ ያልፋሉ። ያኔ ከነበረው ሻይ ቤት ሬዲዮ ደብዳቤ ስለማትመልስ ሴት የሚያንጎራጉር አንድ ድምፀ ለስላሳ ዘፋኝ ነበር፤ ሴትየዋ እስከ ዛሬም የመለሰችለት አይመስለኝም። መንግሥቱ ሌላ ነበር፤ እሱን ትቼዋለሁ፤ ስለ እሱ የሚጽፉ ብዙ አሉ።

መሪጌታ አያሌው አንድ ጠዋት ነው ግቢዬ የመጡት። ከነጭ ጥምጥማቸው በታች ፊታቸው የተጨማደደ፣ ጣታቸው በቀለም የጠቆረ፣ ሰውነታቸው እንደ ማገር የቀጠነ ሰው ናቸው። የጎጃም ሰው ነበሩ፤ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ግርጌ፣ ባህር ዛፉ መሐል ባለች አንዲት ክፍል ተቀምጠው ብራና እየዳመጡ መጽሐፍ በእጃቸው ይጽፋሉ። ለቆዳ መወጠሪያ የሚሆን አራት ቀጥ ያለ እንጨት ነው የፈለጉት። እንጨቱን አንድ በአንድ እያነሡ እንደ አነጣጣሪ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩታል።

«ይኼ ጎብጧል።»

«መሪጌታ፣ እኔም ጎብጫለሁ፤ ግን ቤት ተሸክሜ ቆሜያለሁ» አልኳቸው።

«አንተ ላይ ቆዳ አልወጥርብህም!»

ሳቅሁ። አራቱን እንጨት እኔው ተሸክሜ እንጦጦ ድረስ አደረስኩላቸው፤ ለደግነት አይደለም፣ በዚያው ደን ልገዛ እንጂ። ከዚያ ወዲህ ግን ሰኞ ሰኞ፣ ዛፍ ለማየት በወጣሁ ቁጥር፣ ደጃፋቸው ላይ ካለች ግንድ ላይ ሳልቀመጥ አልወርድም። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር። ግቢዬ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጯጯህበት ይውላል፤ ማታ አስካለ አለች፤ ሰው አላጣሁም። ግን ቀኑን ሙሉ ሰው ሁሉ የሚጠራኝ ከእኔ ሊገዛ ወይ ሊሸጥልኝ ነው። እዚያ ደጃፍ ላይ ግን ሽማግሌው በጉልበታቸው ላይ ብራናውን ዘርግተው፣ በሸምበቆ ብዕር ይጭራሉ፤ እኔ ዝም ብዬ አያለሁ፤ ከላይ ቅጠሉ ያፏጫል። ዛሬ ያ አካባቢ በአስፋልትና በመናፈሻ ተውቧል፤ ወጣቶቹ ዛፉን አቅፈው ፎቶ ይነሣሉ። እኔ ያን ዛፍ የማውቀው ዙሪያውን በገመድ ለክቼ ስንት ቋሚ እንደሚወጣው ነው። ማን የበለጠ እንደሚወደው ዛፉ ይጠየቅ።

አንድ ሰኞ ብራናው ላይ ባዶ ቦታዎች አየሁ። መስመሩ ይሄድ ይሄድና ይቋረጣል፤ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ይተውና ይቀጥላል።

«መሪጌታ፣ ዘለሉ እኮ!»

«አልዘለልኩም። ቀዩ እስኪመጣ ነው።»

አስረዱኝ። በጥቁር ቀለም የሚጻፈው መጀመሪያ ያልቃል። የአምላክ ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስም፣ በመጨረሻም የመጽሐፉ ባለቤት ስም ቦታቸው ክፍት ሆኖ ይቆያል። ከዚያ ጸሐፊው እጁን ታጥቦ፣ ብዕር ለውጦ፣ በቀይ ቀለም እየመለሰ ይሞላቸዋል። «እኔ ዕቃ ሳወርድ ዋናውን መጀመሪያ ነው የማወርደው» አልኳቸው። «ዋናውማ ቦታው ተጠብቆለት ነው የሚኖረው» አሉና እጃቸውን ታጥበው ቀዩን ብዕር አነሡ። «እግዚአብሔር» ብለው ሲጽፉ ትንፋሻቸውን የያዙ መሰለኝ።

«ይኼ ነው እንግዲህ ስሙ?» አልኩ፣ የሆነ ነገር ለማለት ያህል።

«ይኼማ ማዕረጉ ነው። እግዚእ ጌታ ነው፣ ብሔር አገር ነው፤ ባለ አገሩ፣ ባለ ዓለሙ ማለት ነው። አንተን ባለ አጠናው ይሉህ የለም?»

«ይሉኛል።»

«ስምህ ነው?»

«አይደለም፤ ግን ሲሉኝ እመጣለሁ።»

«እሱም ይመጣል፤ ቸር ነዋ! የተጸውዖ ስሙ ግን ሌላ ነው።»

ከዚያ የሙሴን ነገር አነሡ፤ ትናንት ሠፈራቸው እንደተደረገ አድርገው ነው የሚያወሩት። ሙሴ ሰው ገድሎ ከግብፅ ሸሽቶ፣ በረሃ ውስጥ የአማቱን በግ ሲጠብቅ፣ የማይበላውን እሳትና የማይቃጠለውን ቁጥቋጦ ያያል። ከእሳቱ ውስጥ ሂድ የሚል ድምፅ መጣ፤ ሸሽቶ ወደ ወጣበት አገር፣ ወደ ንጉሡ ፊት። «ሙሴ እንዳንተ ብልጥ ነበረ» አሉ መሪጌታ። «ሰዎቹ ማን ላከህ ቢሉኝ፣ ስሙስ ማን ነው ቢሉኝ፣ ምን እላለሁ? አለ። በባዶ እጁ አልሄድም ማለቱ ነው።» አምላክም ነገረው። በዕብራይስጥ አራት ፊደል ናት። አንዳንዱ ያህዌ ነው የሚላት፣ ሌላው ይሆዋ ይላታል፤ በእርግጥ እንዴት እንደምትጠራ ግን ዛሬ ምሎ የሚናገር የለም።

«እንዴት ይጠፋል? የአምላክ ስም አይደለም እንዴ?»

«ዕብራውያኑ ፈሩዋ! ያን ስም በአፍ መጥራት ድፍረት ነው አሉ። ሲያነቡ እዚያች ቦታ ሲደርሱ 'ጌታዬ' ብለው ያልፏታል። ልጅ ካባቱ አልሰማም፤ የልጅ ልጅም አልሰማም። ፊደሏ ብራና ላይ ቀረች፣ ድምጿ ጠፋ።»

«ከሌባ የደበቁትን ራሳቸው አጡት በሉኛ!»

መሪጌታ ቀና ብለው አዩኝ፤ እንደዚያ ቀን አይተውኝ አያውቁም። «በል ያልከውን አትርሳው» አሉኝ።

ትርጉሙን ጠየቅኋቸው። ብዕሩን ጆሯቸው ላይ ሰኩ። «እኔ ያለሁ፣ የምኖር ነኝ ነው ያለው። ሰው ሁሉ ነበር ይባላል፤ ንጉሡም ነበር ይባላል። ነበር የማይባል እሱ ብቻ ነው። ይኼ ሊቃውንቱ የሚሉት ነው፤ ልክ ነው። እኔ ግን ሙሴን አስበዋለሁ። ሙሴ ፈርቷል። ለፈራ ሰው ትምህርት አይሰጡትም። 'አለሁ፤ የትም ብትገባ እዚያው አብሬህ አለሁ' ነው ያለው። የነገረውም እንዲጠራው ነው። ሰው ስሙን የሚሰጥህ ስትቸገር ጥራኝ ሲልህ አይደለም? ክታብ ላይ እየጻፉ አንገታቸው ላይ የሚያስሩት፣ እሱን ሊያዙት የሚፈልጉ ናቸው። እሱ በክር አይታሰርም፤ ሲጠሩት ግን ይሰማል።»

ከዚያም ቀጠሉ። «ላንተ አንዲት ትንሽ የጸሎት መጽሐፍ እየጻፍኩልህ ነው፤ እንጨት የተሸከምክልኝ ነው። ስምህ የሚገባበት ቦታ ብቻ ነው የቀረው። የክርስትና ስምህን ንገረኝ።»

አሁን የምነግራችሁን የሚረዳልኝ የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው። እናቴ አፌን ከፈታሁበት ቀን ጀምሮ «የክርስትና ስምህን ለማንም!» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ስሙን የያዘ ሰው ነፍስህን ይይዛል፤ ጠንቋይ ዘንድ ወስዶ ያስርብሃል። ወሰን ገበያ ውስጥ ደግሞ የአንድ ጣውላ ነጋዴ ታሪክ ይወራ ነበር፤ ተቀናቃኙ የክርስትና ስሙን አግኝቶ ለደብተራ ሰጠበት፣ ከዚያ ወዲህ ግቢው ውስጥ የገባ ገዢ ሁሉ ዋጋ እንኳን ሳይጠይቅ ይወጣል። ሰውየው የሚሸጠው ጣውላ የበሰበሰ እንደነበር ማንም አያነሣም። እኔም ወጣት ነበርኩ፤ ብልጥ ነኝ ብዬ አስብ ነበር፤ ነጋዴ የገዛበትን ዋጋና የክርስትና ስሙን አይናገርም የምል ሰው ነኝ። ፊቴ የተቀመጡት ደግሞ የጎጃም መሪጌታ ናቸው፤ ስለ ስም ይህን ሁሉ ያወቀ ሰው ሌላስ ምን አያውቅም? ዕለቱ የወሩ አሥራ ሁለት፣ ሚካኤል ነበር።

«ኃይለ ሚካኤል» አልኳቸው።

በቀይ ቀለም ጻፉት። በሚቀጥለው ሰኞ መጽሐፉን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝና «እንግዲህ ጠዋት ጠዋት እጠራሃለሁ» አሉኝ። የአምላክን ስም ከነትርጉሙ የነገሩኝ ስሜን በጠየቁኝ ዕለት ነው፤ በዚያው ዕለት፣ በዚያው ግንድ ላይ ተቀምጬ ዋሸኋቸው። እሱ እንኳ ለአንድ በግ ጠባቂ የነገረውን እኔ ለጓደኛዬ ከለከልኩ። አራት ዓመት ሙሉ ሽማግሌው ከቅዳሴ በፊት ተነሥተው ኃይለ ሚካኤል ለሚባል፣ ዓለም ላይ ለሌለ ሰው ጸለዩ። መጽሐፏ ዛሬም ሣጥኔ ውስጥ አለች። ስገልጣት ቀዩ ስም ስለሚያፈጥብኝ ብዙ አልገልጣትም።

ከዚያ ተስቦ ያዘኝ። የክረምት መጀመሪያ ነው፤ የምቃዥበት፣ ላቤ ፍራሹን የሚያልፍበት ቀን ነበር። መሪጌታ ሁለት ሰኞ ስቀር ከእንጦጦ በእግራቸው ወሰን ድረስ ወረዱ፤ ለሰባ ዓመት ሰው የሚቀል መንገድ አይደለም። ጋቢያቸው ረጥቦ፣ ጫማቸው ጭቃ ሆኖ ገቡ። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ቀዝቃዛ እጃቸውን ግንባሬ ላይ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አንተ ያለህ፣ የምትኖር፣ አገልጋይህን ኃይለ ሚካኤልን አስበው፤ ከዚህ አልጋ አንሣው» እያሉ ይጸልያሉ፤ እንባቸው ይወርዳል። እኔ በትኩሳቱ መሐል አንድ ኃይለ ሚካኤል የሚባል የማላውቀው ሰው የሆነ ቦታ ቤት ውስጥ ብድግ ብሎ ሲነሣ፣ ሾርባ አምጡልኝ ሲል ታየኝ። ቀናሁበት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብቸኛ ሆኜ አላውቅም፤ አንድ ሰው በሙሉ ልቡ እየጸለየልኝ፣ ጸሎቱ አልጋዬን ዘሎ ሲያልፍ ይሰማኛል። አስካለ ውሃ በብርጭቆ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ስሙን ስትሰማ ውሃውን ወንበር ላይ አስቀምጣ እኔን አየች።

መሪጌታን ሸኝታ ስትመለስ ነው የተናገረችው። «ዘውዴ፣ ኃይለ ሚካኤል ማን ነው?»

ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳብኩት።

«ሽማግሌውን ዋሸሃቸው?»

«ያኔ አፌ ላይ የመጣ ነው፤ አምልጦኝ።»

«አራት ዓመት ያመልጣል?»

«እግዜር ማን እንደሆንኩ ያውቅ የለ!»

«ካወቀማ ማንን አታለልክ ልበል?» አለችና እርጥብ ጨርቁን ግንባሬ ላይ ከሚያስፈልገው በላይ ጠንከር አድርጋ ጫነችው። «ስትነሣ ሄደህ ትነግራቸዋለህ።»

«እነግራቸዋለሁ።»

ተነሣሁ። ማን እንዳስነሣኝ እንግዲህ አላውቅም፤ መርፌ የወጋኝ ድሬሰር ራሱን ያመሰግናል። በሚቀጥለው ሰኞ ልሄድ ስል ዝናብ ሆነ። ከዚያ በኋላ በክረምቱ አጥሩ የፈረሰበት ሁሉ ግቢዬን አጨናነቀው። ከዚያ ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ፤ የተሸከሙት አጠና እየተሸጠ ሲሄድ ይቀላል፤ ይኼኛው ሸክም ግን በቆየ ቁጥር ይከብዳል። ሦስተኛው ወር ላይ ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ እሽግ ሻማ ይዤ ወጣሁ። በሩ በሽቦ ታስሯል። ጎረቤታቸው፣ ጠላ የምትጠምቅ ሴት፣ ከአጥሩ ላይ ሆና «ዓይናቸው ጠፋ እኮ!» አለችኝ። «የእህታቸው ልጅ መጥቶ አገራቸው ወሰዳቸው። ባለ አጠናው ሲመጣ ዓይኔ ቢጠፋም አፌ አለ፣ ጠዋት ጠዋት መጥራቴን አልተውኩም በይልኝ ብለዋል።»

«ማን ብለው ነው የሚጠሩኝ? ነገሩሽ?» አልኳት።

«ኧረ እሳቸው! ስም ያወጣሉ ብለህ ነው?»

ስሜን ይሸጡብኛል ብዬ የፈራኋቸው ሰው፣ የዋሸኋቸውን ስም እንኳን ለጎረቤት አልነገሩም። ጎጃም ሰፊ ነው። ደብዳቤ ልላክ ብል የት ብዬ? ዓመት ቆይቶ አንድ ዲያቆን «አርፈዋል» አለኝ። ፍትሐታቸው ላይ በትክክለኛ ስማቸው እንደተጠሩ አልጠራጠርም፤ እሳቸው ስማቸውን ለሚያስፈልገው ሁሉ ይሰጡ ነበር።

ይህን ሁሉ ወሰን ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳስብ ሻዩ በረደ። በማግስቱ ጠዋት ቆርጬ ተነሣሁና የነፍስ አባት ልይዝ ሠፈራችን ካለው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የተሰጡኝ ወጣት ቄስ ጨዋ ናቸው፤ ፈገግ ብለው ተቀበሉኝ። ነገሬን ገና ሳልጀምር «የክርስትና ስምዎን ይንገሩኝ፣ ስልኬ ላይ ልመዝግበው፤ ብዙ የንስሐ ልጆች ስላሉኝ እንዳይጠፋብኝ» አሉና ስልካቸውን አወጡ። ስሜን በሐሳቤ አየሁት፤ ስልካቸው ውስጥ ቧንቧ በሚሠራውና ጋዝ በሚያመጣው ስም መካከል ተቀምጦ። «መነጽሬን ረስቼ ነው፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ» አልኳቸው። ስም ለመናገር መነጽር ምን እንደሚያደርግ አልጠየቁኝም። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ ዕድሜዬን ሙሉ የተዘጋ በር በመጀመሪያው ማንኳኳት አልከፈት ብሎ ነው። ቤቴ ገብቼ ሦስት ቀን አልወጣሁም። አልታመምኩም፤ ማንም ሳይጠራኝ ስንት ቀን እንደሚያልፍ ሳላውቀው እየለካሁ ነበር መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ በሬ ተንኳኳ። ታደለች ናት። የሆሳዕና ሴት ናት፤ ከእኔ ቤት ቀጥሎ ያለው በር የእሷ ነው፤ ምድር ቤት ትንሽ ሱቅ አላት፣ ዳቦና ሳሙና ትሸጣለች። ጴንጤ ናት። ጠዋት ዳቦ ስገዛ «ዛሬም ጌታ ዳቦ ላይ ቅናሽ አላደረገም?» እላታለሁ፤ «ጌታ ነፍስ ነው የሚያድነው፤ የዳቦውን ባለ ዳቦ ቤቱን ይጠይቁ» ትለኛለች። ከዚያ አልፈን አናውቅም።

«ጋሽዬ፣ ሦስት ቀን ዳቦ አልወሰዱም። ሞተው እንደሆነ ብዬ ነው።»

«ብሞት በር እከፍት ነበር?»

«እርስዎን ማን ያውቃል!» አለችና አራት ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ሳልጋብዛት ተቀመጠች። ፊቴን አየችው። እኔም፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ከጋሽ ታምሩ ቀብር ጀምሬ እስከ ወጣቱ ቄስ ስልክ ድረስ ነገርኳት። የቧንቧ ሠራተኛው ላይ ስደርስ በሳቅ ፈረሰች። የተስቦው ላይ ስደርስ ግን አልሳቀችም።

«እናንተ ጋ እሱን ማን ብላችሁ ነው የምትጠሩት?» አልኳት።

«በመዝሙር ያህዌ እንላለን። በጸሎት እግዚአብሔር እንላለን።» ትንሽ አሰበች። «እኔ ብቻዬን ሳለቅስ አባ ነው የምለው። የባሌ መኪና ገደል የገባ ቀን ግን ምንም ስም አልመጣልኝም፤ 'አለህ?' ብቻ ነው ያልኩት።»

«ምን አለሽ?»

«ባሌ በሕይወት ተገኘ። ባይገኝም ግን ያለ ይመስለኛል፤ ያን ቀን ብቻዬን አልነበርኩም።»

መሪጌታ ይህችን ሴት ቢሰሟት ብዕራቸውን ጆሯቸው ላይ ይሰኩ ነበር።

«በሉ ስሙን ለእኔ ይንገሩኝ» አለች።

«አንቺ ጴንጤ ነሽ።»

«ጆሮዬ ጴንጤ አይደለም።»

«ምን ታደርጊበታለሽ?»

«ቀኑ ሲደርስ ለቄሱ እነግራለሁ። እኔ ራሴ ግን ለሞተ ሰው አልጸልይም፣ እኛ ጋ የለም። ስለዚህ በሕይወት እያሉ ነው የምጠራዎት፤ በኋላ ምንም አልረዳዎትም።»

በንግድ ዓለም ይህ ከቀረቡልኝ ሐሳቦች ሁሉ ግልጹ ነው። ቢሆንም እናቴ ከመቃብሯ «ለማንም!» ስትል ሰማኋት። ተነሥቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ፤ ተመለስኩ። ታደለች ዳቦውን እየቆረሰች ጠበቀችኝ፤ የቸኮለች አትመስልም። ከዚያ ተናገርኩት። ስሙ ከአፌ ሲወጣ ሻካራ ነበር፤ ብዙ ዘመን ያልተገፋ በር እንደሚጮኸው ዓይነት። ታደለች ቀስ ብላ ደገመችው። «ልክ ነው?» አለች። «ልክ ነው» አልኳት። «ልጻፈው?» አለችና መልሳ ራሷ «አልጽፈውም፤ ይዤዋለሁ» ብላ ተነሣች። ሱቁን ለማን ትታ እንደመጣች ያን ጊዜ ነው ትዝ ያላት፤ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።

እናንተ ለምታነቡት ስሙን አልጽፍላችሁም። ለአንድ ሰው ነግሬያለሁ፤ በእኔ ዕድሜ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይህ ብዙ ነው።

የብሎካችን ግድግዳ ቀጭን ነው። ታደለች ጎህ ሲቀድ ጮክ ብላ ነው የምትጸልየው፤ እኔም ልማዴ ሬዲዮዬን ከፍ ማድረግ ነበር። በማግስቱ ሬዲዮውን አልከፈትኩትም። መታጠቢያው ጋ ቆሜ ፊቴን ሳሙና እየቀባሁ ሰማኋት፤ ሆሳዕና ያሉትን እናቷን ጠራች፣ ባሏን ከነመንገዱ ጠራች፣ ሁለቱን ልጆቿን አንድ በአንድ ጠራች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እንዳትሳሳት እየተጠነቀቀች፣ የእኔን ስም ጠራች። እኔን እንዳልጠራች አውቃለሁ፤ ለእሱ ነው የምትነግረው፤ ጸሎት እንደዚያ ነው። ግን ያን ስም ከሰው አፍ ከሰማሁት ብዙ ዓመት ሆኖኛልና፣ ዓይኔን ሳሙና እየለበለበኝ፣ ሳላስበው ወደ ግድግዳው ዞሬ «አቤት!» አልኩ።